ካሜራ ከመግዛታችሁ በፊት፦ ለንግድ ቤት የጥበቃ ሥርዓት እንዴት ይታቀዳል?

አንድ ነጋዴ በማለዳ ደወለልኝ። «ወንድሜ፣ ሌሊት ገብተውብኛል። ካሜራ ስላለኝ ቶሎ መጥተህ ፊታቸውን አውጣልኝ» አለኝ። ስደርስ ግቢው በሰው ተሞልቷል። 16 ካሜራ ነበረው። 16ቱም ይሠሩ ነበር። ምስሉን የሚያጠራቅመው መቅረጫ ግን የሂሳብ ሠራተኛዋ ጠረጴዛ ላይ ነበር የሚቀመጠው። ሌቦቹ ከገንዘቡ ጋር አብረው ይዘውት ሄደዋል።

የቀረን ስልኩ ላይ የገቡት ጥቂት ምስሎች ብቻ ናቸው። እነሱም ላይ የሚታየው የኮፍያ አናት ነው። ካሜራዎቹ 4 ሜትር ተኩል ላይ ተሰቅለው ቁልቁል ነበር የሚያዩት። የመጀመሪያው ምስል የመጣው ሌሊት 8 ከ10 ላይ ነው። መቅረጫው ከኔት የተቋረጠው 8 ከ50 ላይ። 40 ደቂቃ ሙሉ ማንም አልነቃም። ስልኩ ጮኾ ነበር እንዳንል፣ ባለቤቱ ድምፁን ካጠፋው ወር አልፎታል። ዛፍ በተወዛወዘ ቁጥር እየጮኸ እንቅልፍ ስለነሳው ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው «ስንት ካሜራ ይበቃኛል?» ብሎ ሲጠይቀኝ «መጀመሪያ ደቂቃ እንቁጠር» እላለሁ። ይህ መመሪያም የተጻፈው በዚያ ቅደም ተከተል ነው። ምሳሌዬ አዲስ አበባ ውስጥ በብዛት የምናየው ዓይነት የጅምላ ንግድ ቤት ይሁን። ከፊት ሱቅ፣ ከጎን ገንዘብ የሚቆጠርበት ቢሮ፣ ከኋላ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው መጋዘን፣ አንድ የመኪና በር። የእናንተ ቤት ከዚህ ቢያንስም ቢበልጥም አካሄዱ ያው ነው።

ደረጃ 1፦ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ዙሩ

የግቢውን ንድፍ በእጃችሁ ሳሉ። ማማር የለበትም። በር፣ መስኮት፣ አጥር፣ ጣሪያ፣ የመብራት ቆጣሪ፣ የጥበቃ ቤት ይታይበት። ከዚያ ሌባ የሚፈልገውን ዕቃ ያለበት ቦታ ላይ ምልክት አድርጉ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። መጋዘኑ ውስጥ ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ዕቃ ሲሚንቶ ወይም ዘይት ሊሆን ይችላል። ግን 50 ኩንታል በሌሊት ለማውጣት መኪና ያስፈልጋል። በአንድ ማዳበሪያ ጆንያ የሚወጣው የሞባይል ካርቶን፣ የመኪና መለዋወጫ፣ ሽቶና መዋቢያ፣ የመዳብ ሽቦ ነው። ትንሽ፣ ቀላል፣ ቶሎ የሚሸጥ። ምልክቱን እዚያ ላይ አድርጉ።

ቀጥሎ ከማን እንደምትጠብቁ ጻፉ። ከውጭ አጥር ዘሎ የሚገባው አንዱ ነው። በቀን ደንበኛ መስሎ የሚገባው ሌላ ነው። ከውስጥ በየቀኑ ሁለት ሁለት ዕቃ የሚያወጣው ደግሞ ሌላ ነው። ለመጻፍ የሚከብደው ሦስተኛው ነው፤ አብረናቸው ምሳ የምንበላ ሰዎች ናቸውና። ቢሆንም ጻፉት። ካላቀዳችሁለት ዕቃ ሲጎድል ንጹሑም አብሮ ይጠረጠራል። በደንብ የታቀደ ቁጥጥር ታማኙን ሠራተኛ ከሐሜት ያድነዋል።

ዙረቱን ሁለት ጊዜ አድርጉት፤ አንዱ የግድ በሌሊት ይሁን። በቀን የማይታይ ነገር በሌሊት ይታያል። የመንገድ መብራቱ የማይደርስበት ጥግ፣ ከጎረቤት የሚገነባ ፎቅ ያቆመው የእንጨት መወጣጫ፣ አጥሩን ተደግፎ የተከመረ ጠጠር። ጎረቤት ግንባታ ጀመረ ማለት የእናንተ አጥር አጠረ ማለት ነው።

ደረጃ 2፦ የደቂቃ ሂሳብ

የሥራው እምብርት ይህ ነው፤ ታገሡኝ። ሌባው ዕቃው ጋ እስኪደርስና ይዞ እስኪወጣ ድረስ የሚያልፍባቸውን ነገሮች በተርታ ጻፉ። ለእያንዳንዱ ደቂቃ ገምቱለት። እንበል አጥር 1 ደቂቃ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ምስማር መንቀል 5 ደቂቃ፣ ኮርኒስ መቅደድ 1 ደቂቃ፣ የቢሮ በር 3 ደቂቃ፣ ካዝናውን ነቅሎ ማውጣት 10 ደቂቃ። በድምሩ 20 ደቂቃ።

አሁን ሌላ አምድ ክፈቱ። ጥበቃው ከሰማ በኋላ ቦታው ላይ ለመድረስ ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል? እናንተ ከቤታችሁ? በአካባቢው ያለው ፖሊስ? እንበል ፖሊስ 15 ደቂቃ።

20 ከ15 ይበልጣል ብላችሁ እንዳትደሰቱ። ጥያቄው መጀመሪያ የምታውቁት የቱ ጋ ነው የሚለው ነው። ደወሉ የሚጮኸው የቢሮው በር ሲከፈት ብቻ ከሆነ፣ በዚያን ጊዜ 10 ደቂቃው አልቋል። የቀረችው የካዝናዋ 10 ደቂቃ ናት። ፖሊስ ሲደርስ ባዶ ክፍል ያገኛል። ደወሉ ጣሪያው ሲነካ ቢጮኽ ግን 19 ደቂቃ አላችሁ።

ስለዚህ ሁለት መንገድ አላችሁ። ወይ ቀድማችሁ እወቁ፣ ወይ የሌባውን ሥራ አርዝሙበት። ከዚህ በታች የምዘረዝረው ዕቃ ሁሉ ከሁለቱ አንዱን የሚያደርግ መሆን አለበት። ሁለቱንም ካላደረገ ገንዘባችሁን አታውጡበት።

ደረጃ 3፦ በር፣ ጣሪያ፣ ጓጉንቸር

በእኔ ልምድ ከሁሉ በላይ ደቂቃ በርካሽ የሚገዛው በያጁ ጋ ነው። ካሜራ ሻጩ ጋ አይደለም።

በሩን ከውጭ ቁሙና እዩት። ማጠፊያው በውጭ በኩል ነው? ከሆነ ፒኑን መትቶ በማውጣት በሩን ከነጓጉንቸሩ ማንሳት ይቻላል። ፒኑን አስበይዱት፤ ወይም ከውስጥ በማጠፊያው በኩል በሩ ሲዘጋ ክፈፉ ውስጥ የሚገባ የብረት ጥርስ አስበይዱ። ቀጥሎ ጓጉንቸሩን እዩ። ወፍራም ጓጉንቸር በቀጭን ቀለበት ላይ አንጠልጥሎ የሚያድር ሰው ብዙ ነው። ሌባ ደካማውን ነው የሚቆርጠው። ቀለበቱ ከጓጉንቸሩ ጋር የሚመጣጠን ይሁን፤ ጓጉንቸሩንም በብረት ሳጥን ሸፍኑት። መቁረጫ መቀስ መንጋጋውን የሚያስገባበት ቦታ ካጣ ሥራው ወደ ግራይንደር ይሄዳል። ግራይንደር ደግሞ ይጮኻል፣ እሳት ይረጫል፣ መብራት ወይም ባትሪ ይፈልጋል። ደቂቃ ገዛችሁ ማለት ነው።

ጣሪያው እኛ ጋ ትልቁ ቀዳዳ ነው። ባለቤቱ በሩ ላይ ብዙ ብር አውጥቶ በላዩ ያለው በምስማር የተያዘ ቆርቆሮ ነው። መጋዘኑን በሙሉ ማጠናከር ውድ ነው። ውዱን ዕቃ በአንድ ጥግ ሰብስባችሁ ለዚያ ጥግ ብቻ በፌሮ ብረት የተበየደ ፍርግርግ ከላይም ከጎንም አሠሩ። ሙሉ ጣሪያ ከማጠናከር እጅግ ይረክሳል፤ ቀን ቀን ደግሞ ማን ወደዚያ እንደሚገባ ለመቆጣጠር ይረዳል።

ካዝና ካላችሁ መሬቱ ላይ በቦልት ይታሰር። ያልታሰረ ካዝና ለሌባው እጀታ እንዳለው ሻንጣ ነው፤ ተሸክሞት ሄዶ በሰላም ቦታ ይከፍተዋል። ብርሃንም እዚሁ ይግባ። አጥሩ ሥር እንቅስቃሴ ሲያይ የሚበራ መብራት ርካሽ ነው፤ ጥበቃውን ያግዛል፤ ካሜራውንም ያግዛል።

ደረጃ 4፦ እሳትን እንዳትረሱ

የጥበቃ ዕቅድ ሲባል ሰው ሌባን ብቻ ያስባል። በ2017 ዓ.ም ጥቅምት ወር መርካቶ ሸማ ተራ ላይ የደረሰውን ቃጠሎ ያየ ግን አይረሳውም። የሰው የዕድሜ ልክ ልፋት በአንድ ሌሊት ሲነድ አይተናል። ሌባ የሚሸከመውን ይወስዳል፤ እሳት ሁሉንም ይወስዳል።

የምለው አጭር ነው። ሰው ባለበት ሰዓት ማንኛውም የመውጫ በር ከውስጥ ያለ ቁልፍ ይከፈት። ዘበኛ ወይም ሠራተኛ ከውጭ ተቆልፎበት የሚያድርበት ቤት ካላችሁ ዛሬውኑ አስተካክሉት። መስኮቱን ሁሉ በማይከፈት ፍርግርግ የዘጋችሁ፣ አንዱ ከውስጥ የሚከፈት ይሁን። ጭስ የሚያሸት መሣሪያ መጋዘኑና ቆጣሪው ላይ ግጠሙ። ባለ 6 ኪሎ የዱቄት እሳት ማጥፊያ በሩ አጠገብ ይሰቀል፤ ዕቃ አይከመርበት፤ መርፌው አረንጓዴው ላይ መሆኑን በየወሩ እዩ። የእሳት አደጋ 939፣ የፖሊስ 991 በትልቁ ተጽፎ ጥበቃ ቤት ይለጠፍ።

ደረጃ 5፦ የማንቂያ ደወል

ቀድሞ የሚያውቅላችሁ ይህ ነው። የበር ማግኔት በሩ ሲከፈት ይናገራል። የእንቅስቃሴ መቆጣጠሪያ ደግሞ የሚንቀሳቀስ የሰውነት ሙቀት ያያል። ሁለተኛውን ስትገጥሙ ሁለት ነገር እወቁ። በፊቱ አቋርጦ የሚያልፈውን ሰው በደንብ ያያል፤ ቀጥ ብሎ ወደሱ የሚመጣውን ግን ዘግይቶ ነው የሚያየው። ስለዚህ በሩ ትይዩ አትግጠሙት፤ ከጎን ይሁን። ሌላው ሙቀት ነው። ፀሐይ ሲመታው የዋለ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አየሩ ይሞቃል፣ ይንቀሳቀሳል፤ መሣሪያውም ያለ ሌባ ይጮኻል። ከቆርቆሮው ሥር አርቃችሁ ግድግዳ ላይ፣ 2 ሜትር ከ20 አካባቢ ግጠሙት።

የሐሰት ጩኸት ቀልድ አይደለም። ያ ነጋዴ የስልኩን ድምፅ ያጠፋው በዚሁ ነው። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ በከንቱ የሚጮኽ ደወል በወሩ መጨረሻ ማንም አይሰማውም። ከጮኸ ምክንያቱን ፈልጉ። ድመት ናት? የተንጠለጠለ ፌስታል ነው? ሳታገኙ አትለፉት።

ደወሉ ሁለት ጩኸት ይኑረው፤ አንዱ ከውጭ ከፍ ብሎ፣ አንዱ ከውስጥ። የውስጡ ሌባውን ያስደነግጣል፤ ጆሮውንም ይዘጋበታል፣ ሰው ሲመጣ መስማት አይችልም። በክረምት ደግሞ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የውጭ ጩኸት ብቻውን ላይሰማ ይችላል። ስለዚህ ስልክ የሚደውል ዓይነት ይሁን፤ በሲም ካርድ የሚሠራ። የሦስት ሰው ቁጥር አስገቡ፤ መጀመሪያ ቅርብ የሚያድረው። የሲሙን ሂሳብ ግን አደራ! ሁለት ጊዜ አጋጥሞኛል፤ ደወሉ ደህና ነው፣ ባትሪው ደህና ነው፣ ሲሙ ሂሳብ የለውም። ካርድ የሚሞላውን ሰው በስም መድቡ።

ደረጃ 6፦ አሁን ወደ ካሜራ

እዚህ ስትደርሱ ካሜራ የት እንደሚያስፈልግ ወረቀቱ ራሱ ይነግራችኋል። ለእያንዳንዱ ካሜራ አንድ ጥያቄ ጻፉ። «በዚህ በር የገባው ማን ነው?» «በዚህ ጠረጴዛ ስንት ብር ተቆጠረ?» «ከመጋዘን የወጣው ካርቶን ስንት ነው?» ጥያቄ ያጣችሁለት ካሜራ ካለ ሰርዙት። በምሳሌያችን ቤት 8 ካሜራ በቂ ሆኖ ያገኘሁት ብዙ ጊዜ ነው።

ጥያቄው «ማን ነው?» ከሆነ ፒክስል፣ ማለትም ምስሉ የሚሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች፣ ይቆጠራል። በዘርፉ የሚሠራበት ዓለም አቀፍ መለኪያ አለ። የማታውቁትን ሰው ፊት ለመለየት ምስሉ ለ1 ሜትር ስፋት 250 ፒክስል ይፈልጋል። የምታውቁትን ሰው «እሱ ነው» ለማለት 125 ይበቃል። ሰው መኖሩን ለማወቅ ብቻ 25። ባለ 4 ሜጋ ፒክስል ካሜራ ወደ ጎን 2560 ፒክስል አለው። ለ250 ስናካፍለው 10 ሜትር ገደማ ይመጣል። ያ ካሜራ ከ10 ሜትር በላይ የሚሰፋ ቦታ እያሳያችሁ ከሆነ ፊት መለየት አይችልም ማለት ነው። ገበያ ላይ የበዛው 2.8 ሚሊ ሜትር ሌንስ ደግሞ በጣም ሰፊ ነው የሚያየው። ከ4 ሜትር በኋላ ስፋቱ 10 ሜትር ያልፋል። በሩ 8 ሜትር ርቆ ሳለ በዚያ ሌንስ ፊት ይገኛል ያላችሁን ሰው አትመኑ። 6 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያንኑ ጥራት እስከ 10 ሜትር ያደርሰዋል፤ የሚያየው ስፋት ግን ይጠባል። ለሰፊው አንድ፣ ለፊት አንድ፤ ሁለቱን በአንድ ካሜራ ለመሥራት አትሞክሩ።

ፊት የሚይዘው ካሜራ ዝቅ ይበል፤ ከ2 ሜትር ከ20 እስከ 2 ሜትር ተኩል። ሌባ ይሰብረዋል ብላችሁ ፈራችሁ? ከፍ ያለው ሌላ ካሜራ ሲሰብር ያየዋል። ኮፍያ ያደረገን ሰው 4 ሜትር ተኩል ላይ ሆኖ የሚያይ ካሜራ ግን ባይኖር ይሻል ነበር፤ ያለ እየመሰላችሁ ያስተኛችኋልና።

ከሱቁ ውስጥ ወደ በሩ የሚያየው ካሜራ የተለየ ችግር አለው። ከውጭ የሚገባው ብርሃን ያሳውረዋል፤ የሚገባው ሰው ጥቁር ጥላ ይሆናል። በሩ ወደ ምሥራቅ ከሆነ ጠዋት፣ ወደ ምዕራብ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ይብሳል። ደማቁንና ጨለማውን እኩል የሚያመጣጥን፣ የብርሃን ልዩነት መለኪያው (WDR) 120 ዲሲቤል የሚል ካሜራ ጠይቁ። ሻጩ ሳጥኑን ሲያሳያችሁ አይበቃም፤ ከበሩ ፊት ሰው አስቁማችሁ ፀሐይ በምታስቸግርበት ሰዓት ስልኩ ላይ አሳየኝ በሉት።

የሌሊቱ ነገር ሸረሪት ነው። ካሜራው በጨለማ የሚያበራው የማይታይ ብርሃን ሙቀት አለው፤ ነፍሳት ይሰበሰባሉ፤ ሸረሪት ተከትላ ታደራለች። አንድ ክር ድር ሌንሱ ፊት ሲወዛወዝ ምስሉ ነጭ ጭጋግ ይሆናል። መጋዘን ውስጥ በወር አንድ ጊዜ በረጅም መጥረጊያ ድሩን መጥረግ የጥበቃ ሥራ ዝርዝር ውስጥ ይግባ።

የቀረጻው ሂሳብም አይቅር። 1 ሜጋ ቢት በሰከንድ የሚልክ ካሜራ በቀን 10.8 ጂቢ ይሞላል። ባለ 4 ሜጋ ፒክስል ካሜራ በ4 ሜጋ ቢት ቢቀርጽ በቀን 43 ጂቢ ነው። 8 ካሜራ ለ30 ቀን ከ10 ቴራ ባይት (አንዱ 1000 ጂቢ ነው) በላይ ይፈልጋል። 2 ቴራ ባይት ገጥሞ «ወር ይይዛል» ያላችሁ ሰው ወይ አልቆጠረም፣ ወይ ጥራቱን ዝቅ አድርጎታል። በ6 ቀን ውስጥ ይሞላና በላዩ ይጽፍበታል። የውስጥ ጉድለት ደግሞ የሚታወቀው ዕቃ ሲቆጠር፣ ከሳምንታት በኋላ ነው። ዕቃ የምትቆጥሩት በየ30 ቀኑ ከሆነ ቀረጻው 40 ቀን ይቆይ።

መቅረጫው የት ይቀመጥ? ሰው ከሚያስበው ቦታ ሁሉ ሌላ። አየር የሚያስገባ፣ የሚቆለፍ የብረት ሳጥን ውስጥ፣ ግድግዳ ላይ በቦልት ታስሮ። ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ያለችው ስክሪን ናት፤ መቅረጫው አብሯት መሆን የለበትም። ከተቻለ ዋና ዋናዎቹ ሁለት ካሜራዎች ሌላ ቦታ ወይም ኢንተርኔት ላይ ቅጂ ይላኩ።

ደረጃ 7፦ ኬብልና መብራት

ኬብል ስትገዙ ቢላ ያዙ። ጫፉን ላጡና አንዷን ቀጭን ሽቦ ፋቁ። ውስጧም ቀይ ከሆነ መዳብ ነው። ከሥሩ ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ በረጅም ርቀት ኃይሉ ይወርዳል፣ ካሜራው ሌሊት መብራቱን ሲያበራ ይጠፋል ይመጣል። በኔትወርክ ኬብል የሚሄድ ካሜራ ገደቡ 100 ሜትር ነው። ግቢያችሁ ከዚያ ከራቀ መሃል ላይ ማከፋፈያ (ስዊች) ያስፈልጋል።

መብራት ይሄዳል። ሌባ መብራት የሄደበትን ሰዓት ይወዳል፤ ራሱም ብሬከሩን ሊያወርድ ይችላል። ስለዚህ ቆጣሪው ከአጥር ውጭ ከሆነ ይህን ከመጀመሪያ ታሳቢ አድርጉ። ሂሳቡ ይኸው። 8 ካሜራ በሌሊት እያንዳንዱ 6 ዋት፣ መቅረጫ፣ ማከፋፈያና ራውተር ተደምሮ ወደ 80 ዋት ይሄዳል። ተራው የኮምፒውተር ዩፒኤስ ውስጥ ያለችው 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ አንድ ሰዓት እንኳ አታደርሳችሁም። 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት የሆነ የሊድ ባትሪ ግማሹን ብቻ ብትጠቀሙበት ከኢንቨርተሩ ብክነት ጋር 6 ሰዓት ገደማ ይይዛል። ሊትየም ከሆነ 12 ሰዓት ይጠጋል። መብራት ሄዶ የሚያድርበት ሰፈር ከሆናችሁ ቁጥሩን በዚህ ለኩት። የደወሉ ባትሪ ከካሜራው የተለየ ይሁን።

በማግኔት የሚቆለፍ የካርድ ወይም የጣት አሻራ በር የምትፈልጉ ከሆነ፣ ይህ ማግኔት የሚይዘው ኃይል እስካለ ድረስ ብቻ ነው። መብራት ሲሄድ ይለቃል። ለሰው መውጫ ይህ ጥሩ ነው፤ ለሌሊት መጋዘን ግን አይሆንም። ሌሊት በሩን የሚይዘው የብረት ቁልፍ ይሁን። የኃይል መጠን መዛባትና መብረቅም በክረምት ብዙ መሣሪያ አቃጥለውብናል፤ ስታብላይዘርና ደህና የመሬት ሽቦ ላይ አትቆጥቡ።

ደረጃ 8፦ ሰዎቹ

ይህን ሁሉ ዕቃ የሚያሠራው ሰው ነው። አንድ ቤት ስሄድ መጀመሪያ የማናግረው ጥበቃውን ነው። «ጋሼ፣ ሌሊት የሚያስቸግርዎ የቱ ጋ ነው?» ስላቸው ባለቤቱ የማያውቀውን ይነግሩኛል። አንድ አዛውንት ጥበቃ የእጅ ባትሪያቸውን እያበሩ ወደ አጥሩ ጥግ ወሰዱኝና «ልጄ፣ እዚህ ጋ ውሻው እንኳ አይመጣም፤ ሽንት ቤቱ ይጋርደዋል» አሉኝ። ንድፌ ላይ ያ ጥግ ባዶ ነበር። አንድ ካሜራ ወደዚያ አዞርኩ።

ጥበቃ ስትቀጥሩ ተያዥ ጠይቁ፣ ፎቶና የመታወቂያ ቅጂ ያዙ። ከዚያ በኋላ ግን የሚገባውን ስጡት። ዝናብ የማያስገባ፣ በሩን የሚያይ መስኮት ያለው ቤት፣ ካፖርት፣ ደህና የእጅ ባትሪ፣ ሂሳብ ያለው ስልክ። በየሰዓቱ ሲዞር የሚፈርምበት ወረቀት በአራቱም ጥግ ይኑር፤ ሰዓቱ ግን በየቀኑ አንድ አይሁን። የጦር መሣሪያ ይያዝ ካላችሁ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ በቃል ስምምነት የሚሆን ነገር አይደለም።

ቁልፍ ቁጠሩ። ስንት ቅጂ አለ? ማን ጋ? የለቀቀ ሠራተኛ መልሷል? ካልታወቀ ጓጉንቸሩን ቀይሩ። ከመጋዘን የሚወጣ ዕቃ ሁሉ በሁለት ሰው ፊርማ ይውጣ። የሚያዝዘው፣ የሚያወጣውና በሩ ላይ የሚቆጥረው አንድ ሰው አይሁን። የውስጡን ጉድለት ከካሜራ ይልቅ ይህች ወረቀት ናት የምትይዘው።

ደረጃ 9፦ የይለፍ ቃልና የሰው ክብር

በ2016 እ.ኤ.አ. ሚራይ የተባለ ጎጂ ፕሮግራም በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ ካሜራዎችንና መቅረጫዎችን ተቆጣጥሮ ነበር። የገባባቸው ከፋብሪካ የመጣውን የይለፍ ቃል በመሞከር ብቻ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ቀይሩት። የባለቤትነቱ አካውንት በእናንተ ስልክና ኢሜይል ይከፈት፤ በቴክኒሽያኑ አይሁን። ለእሱ ሥራው እስኪያልቅ ጊዜያዊ መግቢያ ስጡትና በኋላ ዝጉት።

የሰው ምስል የሰው ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ሕጉ ባይኖርም እንኳ መልበሻ ክፍልና መጸዳጃ ቤት በር ውስጥ ካሜራ ማድረግ ነውር ነው። ካሜራ እንዳለ በሩ ላይ ጻፉ፤ ለሠራተኞቻችሁ የት የት እንዳለና ማን እንደሚያየው ንገሯቸው። ወደ ጎረቤት ግቢ የሚያየውን ክፍል በካሜራው ማስተካከያ ሸፍኑት። የሱቃችሁን ቀረጻ ቆርጦ ቲክቶክ ላይ መለጠፍም ይቅር፤ ለፖሊስ ስጡ።

ደረጃ 10፦ ፕሮፎርማና ርክክብ

ከሦስት ቦታ ፕሮፎርማ ስትሰበስቡ ያንኑ ንድፍና ያንኑ የጥያቄ ዝርዝር ለሦስቱም ስጡ። «8 ካሜራ» ብቻ ካላችሁ የሚመጣላችሁ ዋጋ አይወዳደርም። ግቢውን ሳያይ ዋጋ የሚሰጣችሁን ተዉት። ውሉ ላይ የኬብሉ ዓይነት፣ የቀረጻው ቀን ብዛት፣ መብራት ሲሄድ የሚቆይበት ሰዓት፣ ሲበላሽ በስንት ሰዓት እንደሚመጡ ይጻፍ። የመጨረሻው ክፍያ ከፈተና በኋላ ይሁን።

ፈተናው ሌሊት ነው። ቴክኒሽያኑ ኮፍያ አድርጎ በበሩ ይግባ፤ ፊቱን ከቀረጻው አውጡ። ብሬከሩን አውርዱና ሰዓት ያዙ። የመጋዘኑን በር ክፈቱ፤ የሦስታችሁም ስልክ ጠራ? ጥበቃው ከቤቱ ወጥቶ እስኪደርስ ስንት ደቂቃ ፈጀ? ደረጃ 2 ላይ ከጻፋችሁት ጋር አስተያዩት።

አንድ የመጨረሻ ነገር፤ ብዙ ሰው የሚጨነቅበት ከደረሰበት በኋላ ነው። መቅረጫው የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓትና ቀን ነው። እናንተ «ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ሌሊት 8 ሰዓት» ስትሉ እሱ ረቡዕ 02:00 ይላል። ሰዓቱ በትክክል መሞላቱን ከስልካችሁ ጋር አመሳክሩ። ከዚያ የሁለቱን ሰዓት ማዛመጃ በወረቀት ጽፋችሁ ሳጥኑ በር ላይ ለጥፉ። ሂሳብ ሠራተኛዋም፣ እናንተም፣ ጥበቃውም የአንድ ሌሊት ቀረጻ ፈልጎ ፍላሽ ላይ ማውጣትን በዚያው ምሽት ተለማመዱ።